የሐይቅ ዳሩ በረንዳ ስድስተኛ ማብሪያ

ስድስተኛው ማብሪያ አንድ ጠቦት፣ አንድ ደህና ካፖርትና ወንደላጤነቴን አስወጥቶኛል። ደረሰኝ አልተሰጠኝም።

ሥራ የጀመርሁት ባሕር ዳር፣ ከሐጂ ይማም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሐጂ አንድ ሣጥን ሙሉ የግድግዳ ማብሪያ ባንኮኒው ላይ ዘረገፉና፣ "ዓይንህን ጨፍነህ ለይ" አሉኝ። ግራ ሲገባኝ አንዱን ቀጭ፣ ሌላውን ቀጭ አደረጉት። "ይኸ ጣሊያን ነው፤ ይኸ ደግሞ እንጃ አባቱ። በመልክ የገዛ ሁሉ ሊመልስ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ መመለስ አልወድም።" ሳንቀጫቅጭ ዋልሁ። ከተኛሁም በኋላ አውራ ጣቴ ብቻውን ይሠራ ነበር።

ሐጂ አርጅተው ወረታ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ሱቁን ለቀቁልኝ፤ ካፖርታቸውንም መረቁልኝ። ጊዜው የደርግ ነው። ዕቃ እንደ ልብ ማስመጣት ቀርቶ የመንግሥት አከፋፋይ የሰጠንን ነበር የምንሸጠው። አምፖል ሲመጣ ሽቦ የለም፤ ሽቦ ሲመጣ አምፖል የለም። ሁለቱ የተገናኙ ዕለት ሰልፍ ነው።

አንድ ቀን ጓድ ተሰማ መጣ። ሐይቁ ዳር ያለው የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ነው። ውሃው ላይ የእንጨት በረንዳ አሠርቶ ጠርዙን ዙሪያውን መብራት ሊያስገባለት ፈልጓል። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፤ ይኸንንም ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ።

"ስድስት መብራት፣ ስድስት ማብሪያ። ማብሪያዎቹ በረንዳው ምሰሶ ላይ ይሁኑ" አለኝ።

"ጓድ፣ መብራት ውጭ ያድራል፤ ማብሪያ ግን ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው። ክረምት ላይ ሐይቁ ሲረጭ ምሰሶው ላይ ያለውን የነካ ሰው ሳይጠሩት ይዘላል።"

"እንግዳውም?"

"ኤሌክትሪክ ማዕረግ አያውቅም።"

ከውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ በአንድ ረድፍ እንዲሆኑ ተስማማን። ከሐጂ ዕቃ የተረፉ፣ እንደ ዝሆን ጥርስ ነጣ ያሉ አምስት ማብሪያዎች ነበሩኝ። አከፋፋዩ ዘንድ ብሄድ ጥቁር፣ ክብ ማብሪያ አገኘሁ፤ እሱም ሁለት ብቻ ነው። አምስት ነጭና አንድ ጥቁር ደርድሬ አሳየሁት።

"ይኸ ምንድን ነው?" አለ ጓድ ተሰማ።

"ጥቁሩ ሊቀመንበራቸው ነው።"

አልሳቀም። "የንግድ ፈቃድህ የሚታደሰው መቼ ነው?"

"በሚመጣው ወር።"

"የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ እኔም አለሁበት" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ እኔም አልሳቅሁ።

የአምስቱ ወንድም የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ እኔው ነኝ የገጠምሁት። መሪጌታ ሐዲስ ቤት፣ የእልፍኙ ግድግዳ ላይ። መሪጌታ ቅኔ አስተማሪ ናቸው፤ ከሳቸው ጋር ክርክር የገጠመ ሰው ኮፍያውን ረስቶ ይወጣል።

"መሪጌታ፣ አሮጌውን ማብሪያ ልንቀልልዎና አዲስ ልግጠምልዎ፤ በነፃ" አልኋቸው።

"የኔው አያበራም?"

"ያበራል።"

"እንግዲያው ምን አደረገህ?"

የእንግዳውን ነገር እንዳልነግራቸው ታዝዣለሁ። ስንተባተብ አዩኝና፣ "ከሰው ግድግዳ የሚነቀል ነገር ሽማግሌ ይላክበታል። ሂድ!" አሉኝ።

እሺ አልሁ፤ ሽማግሌ ልላክ። አቶ አድማሱ ዘንድ ሄድሁ። እሳቸው ያጋቧቸው ሰዎች ቢሰለፉ ከባሕር ዳር እስከ ሐሙሲት ከተማ ይደርሳሉ። የእንግዳውን ነገር ትቼ፣ የማብሪያውን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ባዶ እጄን አልገባም ብለው ጠቦት አስገዙኝ። ቀጥለው ካፖርቴን አዩት። ባሕር ዳር ካፖርት የሚያስለብስ ብርድ የለም፤ ግን ሽማግሌ ያለ ካፖርት ግርማ የለውም ብለው ለብሰውት ሄዱ፤ በዚያው ቀረ።

ከሰዓት በኋላ እየሳቁ ተመለሱ።

"እሺ ብለዋል።"

"ማብሪያውን?"

"ልጃቸውን።"

"አቶ አድማሱ! እኔ የላክሁዎ ለማብሪያ ነው!"

"በዚህ ዕድሜዬ ሰው ደጅ ቆሜ ማብሪያ ስጡን ልበል? ሰው ምን ይለኛል? ልጅቱን ጠየቅሁ፤ ማብሪያውን ምራቂ አስጨመርሁልህ። ነጋዴ አይደለህ? ምራቂ መቼ ጠፋህ!"

ልጅቱን ልመልስ ብል መሪጌታን ማዋረድ ነው፤ ማብሪያውም ይቀራል፤ ፈቃዱም ይከተለዋል።

በማግሥቱ ሱቁን ስከፍት አንዲት ሴት ገባች። ጥሩወርቅ ናት፤ የመሪጌታ ልጅ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ።

"ግድግዳ አይተህ ሽማግሌ የላክኸው አንተ ነህ?"

ከነጠላዋ ጫፍ ማብሪያውን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። በቢላዋ ጫፍ ነው የነቀለችው።

"ፊውዙን አውርደሻል?"

"ማሽን ላይ እኮ ነው የምውለው! ስማ፣ ማብሪያህ ይኸው። እኔን የምትፈልግ ከሆነ ያለ ማብሪያ ና። የማትፈልግም ከሆነ ጠቦቱን አንመልስም፤ ተበልቷል።"

ዓይኔን ጨፍኜ ማብሪያውን ቀጭ አደረግሁት። ልክ እንደ አምስቱ ነው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እየለየሁ።"

"እኔንም ጨፍነህ ነው የምትለየኝ?"

ዓይኔን ገለጥሁ። ሳይታወቀኝ ሳያት ቆየሁ መሰለኝ፣ "በቃህ" ብላኝ ወጣች።

ስድስቱን ገጠምሁ። ጓድ ተሰማ አንድ በአንድ አበራ፣ አጠፋ፤ ስህተት ፈልጎ አጣ። እንግዳው በቀትር መጣ፣ ዓሣውን በላ፣ ሳይመሽ ሄደ። ጓድ ተሰማ ግን በጠራራ ፀሐይ ስድስቱንም አብርቶ ቆሞ ነበር። እንግዳው ቀና ብሎም አላየ።

ፈቃዴ ታደሰ። የሚያስገድደኝ ነገር አልነበረም። ግን ፀጉሬን ተስተካክዬ መሪጌታ ቤት ሄድሁ።

"ደግሞ ምን ልትነቅል መጣህ?" አሉኝ።

"ምራቂውን ወስጃለሁ መሪጌታ፤ ዋናውን ልጠይቅ ነው።"

ጓዳ ውስጥ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። መሪጌታ ግድግዳውን በመቋሚያቸው ጠቆሙ። "መጀመሪያ ይኸን ቀዳዳ ድፈን።"

ይኸን ሥራ ለምትጀምሩ፦ አብሮ የሚደረደር ዕቃ ስትገዙ አንድ ትርፍ ያዙ።

ሒሳቡ ሲዘጋ፣ ማብሪያዎቹ ለመንግሥት፣ ጥሩወርቅ ለእኔ።