ዘሃራን አርጎን ያሏት ቀን

እኛ ልጆች ሳለን መርሳ ከተማ ላይ ቅጽል ስም የሌለው ሰው አልነበረም። አብዛኛው ስም የብርቱካኑ አበባ ሳይረግፍ ይረሳ ነበር። የዘሃራ ግን አልተረሳም።

ዘሃራ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። ስትናገር ምላሷ ስለሚያዝ ከእኔ በቀር ከማንም አታወራም። በጽሑፍ ፈተና ግን የሚደርስባት አልነበረም።

አንድ ቀን፣ የክፍሉ ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጣጣ፣ የኬሚስትሪ መምህራችን ስለ አርጎን አስተማሩን። ከአየር የተወሰደው ናይትሮጅን ሲመዘን ከውህድ ከተገኘው ናይትሮጅን ከበድ ስላለ ሳይንቲስቶቹ ጠርጥረው የተደበቀ ጋዝ እንዳገኙ፣ ቀለምም ሽታም እንደሌለው፣ ከምንም ጋር አልዋሐድ ስላለም በግሪክኛ "ሰነፍ" ብለው እንደሰየሙት ነገሩን። አምፖል ውስጥ የሚሞላው ደግሞ የጋለው ሽቦ ቶሎ እንዳይበላ ነው አሉ። ከዚያ ዘሃራን አስነሥተው ጥቅሙን ጠየቋት።

"አ... አ... አም..."

ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቋት። ክፍሉ በሙሉ እስኪስቅ ጠበቋት።

"ተቀመጪ" አሏት። "አርጎን ማለት ይቺ ናት። ከማንም አትገጥም።"

ሳምንት ሳይሞላ ስሙ ገበያ ደረሰ። አባቷ አባ ይማም ትርጉሙን ታላቅ ወንድሟን ቢጠይቁት "ሰነፍ ማለት ነው" አላቸው። ከአጠገባችን ካለችው ከግራና ከተማ ለዘሃራ ሽማግሌ ሲላክባቸው "ትምህርቷን ትጨርስ" እያሉ ይመልሱ የነበሩት ሰው፣ ያን ሰሞን "እሺ" አሉ። ይህን ስሰማ ቤታቸው ሮጥኩ።

"አባ ይማም፣ ዘሃራ ሰነፍ አይደለችም፤ ከሁላችንም ትበልጣለች። መምህሩ ሲቀልዱ ነው" አልኳቸው።

"ልጄ፣ አስተማሪ በሰው ልጅ አይቀልድም" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "እሱ ያውቃታል።"

ዘሃራ ከጓዳ ወጥታ አፏን ከፈተች። የመጀመሪያዋን ፊደል እየደጋገመች ሳለ አባቷ ሶላት ደርሷል ብለው ተነሡ። ማትሪክ ሳትፈተን ዳሯት።

ዛሬ ወልድያ እኖራለሁ። ልጆቼ ያልገባቸውን ትምህርት ስልክ ላይ ከፍተው ያያሉ፤ አስተማሪ ቢስቅባቸው እኔ አለሁ። እኛ ያኔ ማን ነበረን? ባለፈው ዓመት ግራና ገበያ ዘሃራን ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን።

"ማ... ማትሪክ ላይ አርጎን መጥቶ ነበር?" አለችኝ።

"አልመጣም" አልኳት።

"አጥንቼው ነበር" አለችና ወደ ገዢዋ ዞረች።