ገለባ የማይረግፍበት ክፍል

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ዳባት ብቻውን ነበር፤ እሳት የሚያነድለት እንኳ አልነበረውም። ለምኜው ለምኜው እሺ ብሎ ጎንደር ሲመጣ፣ ከተከራየነው ቤት ንጹሑን ክፍል ለቀቅንለት።

ቤታችን ቀድሞ ቤት አልነበረም። ጣሊያን ማኪና ያሳድርበት የነበረ የድንጋይ አዳራሽ ነው። ጣሊያን ሲወጣ የአከራያችን የእማሆይ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጭቃ ግድግዳ ለሁለት ከፈሉት። ከቆርቆሮው በታች ገመድ ዘርግተው አቡጀዲ ወጠሩ፤ ብርድ እንዳይገባም በአቡጀዲው ላይ ጭድ አለበሱት። በትልቁ ክፍል ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ገለባ በየስፌቱ እየሾለከ ይረግፋል። ከአልጋው፣ ከወጡ፣ ከባለቤቴ የልብስ ስፌት ማኪና ላይ ስለቅም እውላለሁ። በትንሹ ክፍል ግን አንዲት ገለባ አትወድቅም። ስለዚህ የአባቴን አልጋ እዚያ አነጠፍኩ። ለአባት ከዚህ የተሻለ ምን ይሰጣል ብዬ ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ አባቴ ማለዳ ማለዳ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ፀሐይ ፍለጋ ይወጣ ጀመር።

«ምነው አባዬ፣ በረደህ?»

«በብርድ የሚታማው ዳባት ነው። እኔ ግን ብርድን ያወቅሁት እዚህ ነው» አለኝ። «ቤትሽ ደግሞ ያለቅሳል፤ ጢሜን እይው።»

እውነትም ጢሙ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ብሎበት ነበር። ባለቤቴ ጣሪያው ቢያፈስ ነው ብሎ ወጣና ቆርቆሮውን ዳበሰ፤ ቀዳዳ አጣ።

«ዝናብ በሌለበት ምኑ ያፈሳል?» እያለ ወረደ።

«ተወው ልጄ» አለ አባቴ። «ጥምቀትን አይቼ እሄዳለሁ። የእኔ ጎጆ ክዳኑ ሣር ነው፤ ሣር አያለቅስም።»

አንዴ ከሄደ ዳግመኛ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት ሁለቱን ክፍል ጠርጌ ጥራጊውን ላወጣ ስል ቆም አልኩ። የትልቁ ክፍል ጥራጊ ግማሹ ገለባ ነው። የአባቴ ክፍል አፈር ብቻ። ይህን በየቀኑ አየዋለሁ፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር። ያን ዕለት ግን፣ ጭድ ካለው ለምን አይረግፍም አልኩ በልቤ። ዘንግ አመጣሁና የትልቁን ክፍል አቡጀዲ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ከብዶ እንቢ አለኝ። የአባቴን ስገፋው እንደ ነጠላ ብድግ አለና ዘንጉ ከቆርቆሮው ጋር ኳ!

«ማነው እሱ?» አለ አባቴ ከውጭ ደንግጦ።

ለካ ትንፋሹ ነው ባዶውን ቆርቆሮ እየነካ ውኃ ሆኖ የሚንጠባጠብበት! እኔ ነኝ ለማለት እንኳ አልቆየሁም። በቀጥታ ወደ እማሆይ ሄድኩ፤ ሄጄም በራቸው ላይ ተገተርኩ። ሰው ፊት ቃል ቶሎ አይወጣልኝም።

«ምነው እንደ ለማኝ ቆምሽ? ግቢ እንጂ!»

«እማሆይ፣ የትንሹ ክፍል ኮርኒስ... ጭድ የለውም።»

ትክ ብለው አዩኝና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ውይ በሞትኩት! በቅሎዬ በልታዋለች እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሣር የጠፋ ዓመት፣ ባለቤታቸው ወደ ደብራቸው የሚሄዱባት በቅሎ በረሃብ ልትሞት ሆነ። ቢቸግራቸው ከኮርኒሱ ላይ ጭድ እየሳቡ አበሏት። ከትንሹ ክፍል ጀመሩ፤ ወደ ትልቁ ሳይደርሱ ዝናብ ጣለና ሣር በቀለ።

«ለከርሞ እንሞላዋለን ስንል እሳቸውም አለፉ፣ በቅሎዋም አለፈች» አሉ እማሆይ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በሉ ሙሉት። አያ አባትሽ ከበቅሎዬ ያንሳሉ እንዴ?»

ጊዜው የአውድማ ነበርና ባለቤቴ ከኮላ ድባ በአህያ ተጭኖ የመጣ የጤፍ ጭድ አገኘ። ልብስ ሰፊ ስለሆነ አቡጀዲውን ሳይቀድ በጥጉ በኩል ስፌቱን ተረተረው። አባቴ ከሥር ሆኖ ያዛል።

«አትጠቅጥቀው! ጭድ የሚያሞቀው ሳሳ ብሎ ሲተኛ ነው። ሱሪ መሰለህ?»

«ሱሪማ ቢሆን እንዲህ አይቆጡኝም ነበር» አለ ባለቤቴ፤ ቅንድቡ ሁሉ ገለባ ነው። ሞልቶ ሲጨርስ በወስፌ መልሶ ሰፋው። ጎረቤቶቻችን ለጣሪያ ሱሪ የሰፋ እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁበታል።

ጥምቀት ደረሰ። አባቴ ታቦት ሸኝቶ ተመለሰ። በማግስቱ ዕቃውን ይሸክፍ ይሆን ብዬ ከበሩ ሥር አልጠፋሁም። ፀሐይዋ ከወጣች ቆይታለች፤ እሱ ገና ተኝቷል። በኋላ ጋቢውን እያራገፈ ወጣ። ጢሙ ደረቅ ነው፤ ገለባ ግን ተሰክቶበታል።

«ይኸ የቆላ ጭድ አይረባም፤ ይረግፋል» አለ ከጢሙ እየለቀመ። «ለከርሞ ከዳባት የገብስ ጭድ አስመጣለሁ።»

«እሺ አባዬ» አልኩና ፊቴን እንዳያይ መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ክፍሉ ገባሁ።