የጃቫው ሰው የብረት ዜማ

ይህ የሆነው ጣሊያን ደብረ ታቦር በነበረበት ጊዜ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ዛሬ የማነሳው ሰዎች አጣመው ሲያወሩት ስለሰለቸኝ ነው።

አባቴ ጋፋት አጠገብ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ የሚያሠሩት ጎረቤቶቻችን፣ ዞር ሲሉ ቡዳ ይሉን ነበር። ልጆቻቸውንም ከዓይናችን ይሸሽጉ ነበር።

በዚያ ጊዜ ካርቶ የሚባል ሰው ወደ ቤታችን መምጣት ጀመረ። ለጣሊያን መንገድ ሠራተኞች ምግብ የሚያበስል ነበር። በመርከብ ምጽዋ ደርሶ ወደ አገሩ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነው። አገሩን ጃቫ ይለዋል፤ ዛሬ ኢንዶኔዥያ ይባላል አሉኝ። አንድ ቀን አባቴ ክራሩን በአንቺ ሆዬ ቅኝት ሲመታ ካርቶ ሰማና፣ የአገሩ ዜማ መስሎት «ይሄ የእኛ ነው!» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ከተሰበረ ካሚዮን ባለስትራ የሚሉትን የመኪና ሞላ ብረት እያመጣ ከአባቴ ጋር ይቀጠቅጡት ጀመር። ብረቱን እንደ አገሩ የዜማ መሣሪያ ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን ከክራሩ ድምፅ ጋር እስኪስማማ ሞረዱት። በጠፍር አያይዘው በቀርከሃ ቱቦዎች ላይ ዘረጉት። ሲመታ ድምፁ ቶሎ አይሞትም። ከጉና የሚወርደው ጉም ቤታችንን ሲሞላው፣ ድምፁ ጉሙ ውስጥ የሚዋኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ መሃል የጎረቤታችን የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ ታመመች። ቡዳ በላት ተባለ። በአገራችን እንዲህ ሲሆን በሽተኛዋን በጭስ እያጠኑ፣ የበላትን ሰው ስም እንድትጠራ ያስጨንቋታል። አባቴንና እኔን ጠርተው ደጃፉ ላይ አቆሙን። ወንዶቹ ዱላ ይዘዋል። የአባቴን ስም ከጠራች ቤታችን ተቃጥሎ፣ አገር ለቀን መሄዳችን ነው።

«ስሙን ጥሪው ልጄ፣ ታውቂው የለ!» ትላለች ጥሩነሽ፣ አባቴን እያየች።

«እሜቴ፣ ይሄ ጥርሴ ቆሎ እንኳ አቅቶታል፤ ሰው በምን ልብላ?» አላት አባቴ። አንዱ ሳቀና ሳቁን መልሶ ዋጠው።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ከታች ከቤታችን የካርቶ ብረት ተሰማ። እሱ የሆነውን አያውቅም፤ እኛን እየጠበቀ ነው የሚጫወተው። ዝግ ያለ፣ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ድምፅ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ላብ አጠመቃትና ስም ሳትጠራ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቆመን ጠበቅን። ዜማው ሲረዝም የባለዱላዎቹም ዓይን ከበደ። ልጅቷ ስትነቃ፣ «እማዬ፣ ውኃ ስጪኝ። ብረት እንደ ምንጭ ሲፈስ አየሁ» አለች። ሰዎቹ ዱላቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ጣሊያን ሲሸነፍ ካርቶም አብሮ ተወሰደ። ወሬውን ሰምቼ አላውቅም።

ጥሩነሽ ግን እስክትሞት ድረስ «እኔ ነኝ ከዱላ ያስጣልኳቸው» ስትል ኖረች። ልጆቿም ዛሬ በየማኅበሩ ይህንኑ ይደግማሉ። «ጥሪው» ያለው አፍ የማን እንደነበር እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ።

አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ያ ዜማ ይመጣብኛል። እየሰማሁት ሳለሁ ጥሩነሽንም ይቅር እላታለሁ። ስነቃ ግን ይቅርታዬን መልሼ እወስዳለሁ።