ሲስተር ደቂቃ ፈተና ተቀመጠች

አለፈች! እልል በሉ፣ አለፈች!

ማን አትሉም? ተማሪዋ እንዳትመስላችሁ። ያለፈችው አሠልጣኟ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት የሠራችው፣ ዎርዱ ሁሉ «ሲስተር ደቂቃ» የሚላት። ቅጽል ስሙ የወጣላት የልብ ምት ስትቆጥር አንዲት ሰከንድ ስለማትሰርቅ ነው። ጣቷን በበሽተኛው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ደረቷ ላይ በተንጠለጠለችው ሰዓት ላይ ከተከለች፣ ደቂቃዋ እስክትሞላ ንጉሥ ቢጠራት አትሰማም። ውጤቱን ጋውኗ ላይ በለጠፈችው ፕላስተር ላይ ትጽፋለች። አንዳንዴ ሳትነቅለው ቤቷ ስትገባ ልጇ፣ «እማ፣ ዛሬስ ስንት በሽተኛ ለብሰሽ መጣሽ?» ይላታል።

ዘንድሮ ግን መዝገቡ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገባ። በኮምፒውተር መመዝገብ ተፈትኖ ያላለፈ ነርስ ተማሪ አያሠለጥንም ተባለ። ሲስተር ያለ ተማሪ? ዓሣ ያለ ውሃ በሉት።

«እኔ ላስጠናዎት» አለቻት ተለማማጇ።

«አንቺ? ትናንት ጓንት ገልብጠሽ ያጠለቅሽው?»

«ጓንቱን እርስዎ አስተማሩኝ፤ ይሄን ደግሞ እኔ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት ተቀመጡ። ሲስተር ማውሱን እንደ መርፌ በሁለት ጣቷ ስትይዝ ልጅቷ ትስቃለች፦ «ዘና ይበሉ፣ አያመውም! ደግሞ ሳያስቀምጡ እንዳይነሱ፤ ጥለውት ከሄዱ የጻፉት ሁሉ ይጠፋል።»

የፈተናው ቀን ደረሰ። አጠገቧ አልጋ ላይ የተኙ የአንድ አዛውንት መዝገብ ተሰጣት። ጣታቸው ላይ ያለው መሣሪያ ምታቸውን ሰማንያ ሁለት ይላል፤ የቀራት እሱን መጻፍ ብቻ ነው። እሷ ግን ብድግ አለች።

«ሲስተር፣ ሰዓትዎ እያለቀ ነው!» አለ ፈታኙ። ተማሪዋ በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«አባባ፣ እጅዎን ያቀብሉኝ።»

ደቂቃዋ ሞላች። «ቁጥሩስ ልክ ነው፤ አመታቱ ግን እየዘለለ ነው። ሐኪም ጥሩልኝ!»

ሐኪሙ እየሮጠ መጣ፤ አዛውንቱ ወዲያው እርዳታ አገኙ። ኮምፒውተሩ ግን ተዘግቶ ጠበቃት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ሲስተር በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ስትከፍተው የጻፈችው አንድ ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ለካ ከወንበሯ ሳትነሳ አስቀምጣው ኖሯል! ሰማንያ ሁለት ብላ፣ «ይዘላል» የሚል ጨምራ ጨረሰች።

ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ፕላስተር ጋውኗ ላይ ለጥፋ ገባች።

ሲስተር እንደሆነች ስለ ራሷ አታወራም፤ ልጇ እስካሁን አልሰማም። በሉ ሮጬ ልንገረው፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ!