ቦራ ወተቷን የያዘችበት ሰሞን

የታናሽ እህቴ ባል ላም አላቢ ነው። ሰፈሩ «ቀስ በል» እያለ ይጠራዋል። ለበሩም፣ ለባልዲውም፣ ለጥጃውም፣ አንዳንዴም ለራሱ «ቀስ በል» ማለት ስለሚወድ ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ባለው የወተት ላሞች እርባታ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሠርቷል፤ ፀጉሩም እዚያው ሸበተ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ከነሱ ጋር ስለምኖር ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ። በረቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል። ከሰው ጋር መጫወት ብዙም አልችልበትም፤ እዚያ ግን ዝም ብል ማንም ምነው አይለኝም። እሱ ላሞቹን ከኋላቸው ድንገት አይነካቸውም። ገና ከበሩ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለ ይገባል። እጁን ብብቱ ሥር ከትቶ ያሞቃል፤ ግታቸውን ለብ ባለ ውሃ ያጥባል፤ ከዚያ ግንባሩን ጎናቸው ላይ ደገፍ አድርጎ ያልባል። አጠገቡ የሚያልበው ባልደረባው ዱላ ይቀናዋል። የእሱ ላሞች ገና ሲያዩት ዓይናቸው ይፈጣል፣ ይንቆራጠጣሉ፤ ባልዲውም ሞልቶ አያውቅም።

«አንተ፣ እነዚህ ላሞች ላይ መድኃኒት ታደርግባቸዋለህ እንዴ?» ይለዋል።

«አዎ፤ ሰላምታ» ይለዋል አማቼ።

ከሁሉም የሚወዳት ግን ግንባሯ ላይ ነጭ ያላትን፣ ቦራ የሚላትን ነው። ጥጃ ሆና በጣቱ ወተት እያጠባ ያሳደጋት እሱ ነው። ቦራም ድምፁን ስትሰማ የምታመነዥከውን አቋርጣ ጆሮዋን ወደ እሱ ታዞር ነበር።

ታዲያ አንድ ሰሞን የእርባታው ጌታ «ንጽሕና ይጠበቅ» ብሎ ለአላቢዎቹ ነጭ ጋዋን ገዛላቸው። አማቼ እስከ አንገቱ ቆልፎ መስታወት ፊት ሲቆም እህቴ ከት ብላ ሳቀች።

«ውይ የኔ ሙሽራ! ዛሬ እንኳን ቦራ እኔም ራሴ እታለብልሃለሁ።»

ቦራ ግን አልታለብ አለች። ባልዲውን በእርግጫ አሽቀነጠረችው። ግቷ ተወጥሮ እያየነው ጭልፋ የማይሞላ ጠብ አድርጋ ያዘችው። በማግስቱም ያው ሆነ፤ ከዚያም ወዲያ። ፉሩሽካ ቢጨመርላት ትበላለች እንጂ አትሰጥም። ባልደረባው እግሯን በገመድ ቢያስራት ጭራሽ ተንቀጠቀጠች፤ አማቼ ገመዱን ከእጁ ነጥቆ ጣለው። የቀሩት ላሞችም ትንሽ ትንሽ ቀንሰዋል፤ እንደሷ የከፋ ግን አልነበረም።

ጌትዮው መጥቶ አያት።

«ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ። የኔይቱ ግን እዚሁ ምድር ላይ ቆማ ወተቷን አላይም! ነገ ከሰዓት ባለ ሉካንዳው ይወስዳታል።»

«ጋሼ፣ አመል አይደለም እኮ፣ የሆነ ነገር ቢኖር ነው...»

«የሆነውማ እርጅና ነው። የሷም፣ ያንተም።»

ይህቺ ቃል ልቡን ወጋችው። ቤት ሲመጣ እጁን መብራት ሥር ዘርግቶ እያገላበጠ ያየው ጀመር።

«እትዬ፣ እስኪ ንኪልኝ። ሻክሮብኝ ይሆን? የጠላችው እጄን ቢሆን ነው።»

ዳሰስኩት። እጁ ያው እጁ ነው። አልሻከረም አልኩት፤ አላመነኝም። ራቱንም ሳይነካው ገፋው።

«ለኔ እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?» አለች እህቴ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

በማግስቱ ምሳ ሳደርስለት የጋዋኑ ኪስ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል፤ ቦራ ስትወራጭ ቀንዷ ይዞት ኖሯል። የተቀደደ ነገር ካየሁ አላስችል ይለኛል፤ መርፌና ክርም ከቦርሳዬ አይጠፋም።

«አውልቀው ልስፋልህ» አልኩት።

«ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ» እያለ አወለቀው። ከውስጥ ያችን ዘወትር የሚለብሳትን ቡኒ ሹራቡን ነበር የለበሰው። እንዲያው ሊሰናበታት ወደ ቦራ ሄደ። «እኔ ነኝ» እያላት ጆሮዋ ሥር ያክላት ጀመር።

እኔ ክሩን ከመርፌው ዓይን ጋር እየታገልኩ ነው። ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ቧንቧው በደንብ አልተዘጋም ብዬ ቀና ስል ቧንቧው ደረቅ ነው። ለካ ከቦራ ጡት ማንም ሳይነካው ወተት ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል! ምላሷን አውጥታ የሹራቡን እጅጌ ትልሳለች።

«እትዬ! አየሽ?»

«አየሁ። ዝም ብለህ እለባት!»

እንዲህ ጮክ ብዬ ማዘዜ ለራሴም ገረመኝ። ተቀምጦ ያልባት ጀመር። መጀመሪያ የባልዲው ብረት ጮኸ፣ ኋላ ድምፁ ወፈረ፣ አረፋውም አፉ ድረስ ደረሰ።

ጌታውን ሮጬ የጠራሁት እኔ ነኝ። «ከየት ቀድተህ አመጣኸው?» እያለ ሲገባ፣ ጫጫታውን የሰማው የአማቼ ባልደረባ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ተከትሎት ገባ። ቦራ ወደ ኋላ ተፈናጠረች፤ ወተቱም ቀጥ አለ። ጌትዮው ጋዋኑን አየ፣ ቦራን አየ፣ መልሶ ጋዋኑን አየ። ወዲያው ለከብት ሐኪሟ ደወለ። ልጅቷ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሁላችንም ሰማናት።

«ያኔ ግቷ ታሞ ጡቷን በመርፌ ያሠቃየኋት እኔ አይደለሁ? ነጭ ጋዋን ለብሼ! እሱ መስሏት መቼ ፈራች፣ እኔን መስሏት ነው እንጂ። አልፈርድባትም።»

ጌትዮው ጉሮሮውን ጠራርጎ ባለ ሉካንዳው ጋ ደወለ።

«አትምጣ። ላሟ ተመልሳለች።»

«የት ሄዳ ነበር?»

«ዝም ብለህ አትምጣ አልኩህ!»

ከዚያ ወደ አማቼ ዞሮ፣ ዓይኑን ሳያይ፣ «እርጅና ያልኩት ለራሴ ነው» አለው። ነገ ቡኒ ቱታ እንደሚገዛ ነግሮን ወጣ።

ያን ማታ አማቼ ራቱን አስጨምሮ በላ። ስለ ቦራ ሊነግረን ጀምሮ፣ ወሬውን ሳይጨርስ፣ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። እህቴ አንገቱ ሥር ትራስ ወሸቀችለትና «የቀረውን እኔ ልጨርስለት» ብላ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። እኔም ጫማዬን አወለቅሁ። ቀኑን ሙሉ ሲጠብበኝ እንደዋለ የታወቀኝ ገና ያኔ ነው።