የግራናው ክልል የተከፈተበት ጊዜ

መርሳ ግብርና ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ታደሰ አራት ጣውላ፣ መዶሻና ምስማር ሰጡኝ። «አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አድርገሽ ምቺው» አሉ። ሥራዬ ያንን ካሬ ሣር ላይ እየጣልኩ በውስጡ ስንት ዓይነት ሣር እንዳለ መቁጠር ነበር።

የምቆጥረው ከግራና ከተማ ወረድ ብሎ ያለውን ክልል፣ ማለትም የተከለለ የግጦሽ መሬት ነው። ሣርና ግራር የተቀላቀለበት ቆላ ነው፤ መሬቱ እንዲያገግም ተብሎ ከብት እንዳይገባበት ከተዘጋ ቆይቷል። ጠባቂው አባ ሰይድ ተንበርክኬ ስቆጥር ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ለዚህ ደሞዝ ይከፍሉሻል?»

«አዎ፣ አባ ሰይድ።»

«ወላሂ! ላሞቼ ዕድሜ ልካቸውን በነፃ ነው የሠሩት።»

ቀጥለውም በዱላቸው ሰምበሌጡን ገለጥ አደረጉ። ሳይበላ ስላረጀ ከሥሩ ያለውን ሰርዶ አፍኖታል፤ እሾሃማው ቆንጥርም እየገባ ነው። ይህንኑ፣ አባ ሰይድ እንዳሳዩኝ ጠቅሼ፣ በሪፖርቴ ጻፍኩ። አቶ ታደሰ አንብበው «አባ ሰይድ ከየት ነው የተመረቁት?» ብለው ሪፖርቱን መለሱልኝ።

የሰሜኑ ጦርነት መርሳ ሲደርስ ቢሮው ተዘጋ። በእግሬ ሸሽቼ አባ ሰይድ ቤት ተጠጋሁ። ቅያሪ ልብስ ረስቼ የክልሉን መተዳደሪያ ደንብ ይዤ መምጣቴን ሲያዩ ባለቤታቸው ስቀው ቀሚስ አዋሱኝ።

ብዙም ሳይቆይ ተፈናቃዮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ክልሉ በር ላይ ደረሱ። የከብቶቹ ጎድን ይቆጠራል። አንዲት እናት ላሟን ደግፋ «ይህች ከሞተች ልጆቼ የሚቀምሱት የለም» አለችኝ።

አባ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን መንግሥት አንቺ ነሽ። ፍረጂ።»

«ደንቡ ይከለክላል» አልኩ፤ ገጹንም ገለጥኩ።

«እንግዲያው ለላሟ አንብቢላት።»

አፈርኩ። በሩን ከፈትኩ። ግን ቦታውን ሦስት ቦታ ከፈልነው፤ ከብቱ በተራ እንዲገባ፣ ለማገዶም ቆንጥሩ ብቻ እንዲቆረጥ ተስማማን። አባ ሰይድ ግራሮቹን ከንጋት እስከ ምሽት እየዞሩ ጠበቁ። ሁለት ግራር ግን ተቆርጦብናል፤ አልደብቅም። ሦስተኛው ክፍል ተራው ሳይደርስ ሰዎቹ ወደየቀያቸው ተመለሱ።

ቢሮው ሲከፈት አቶ ታደሰ መጡ።

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን ሥልጣን?»

አባ ሰይድ ጣልቃ ገቡ። «አንቱ ስላልነበሩ እሷን ሾምናት።»

በቀጣዩ ክረምት ማግስት ካሬዬን ጣልኩ። ባልተበላው ክፍል ሰምበሌጥ ብቻ አገኘሁ። በተበሉት ሁለቱ ግን ሰርዶውን ጨምሮ አምስት ዓይነት ሣር ወጥቷል። አቶ ታደሰ አላመኑኝም። ራሳቸው ተንበርክከው ሦስት ጊዜ ቆጠሩ፤ ሱሪያቸው በእሾህ ተቀደደ። ከዚያ ቀና ብለው «ደንቡን እንደገና ጻፊው» አሉኝ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፤ የቆላ ሣር መበላትም ማረፍም ይፈልጋል። ክልል ስትዘጉ መቼ እንደምትከፍቱት አብራችሁ ወስኑ።