በአሮጌው ፍርድ ቤት ደጃፍ

እርጥብ ጡብ በሸተተኝ ቁጥር ያ የፍርድ ቤት ደጃፍ ትዝ ይለኛል። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ የምንኖረውም ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ አባቴ ሌሊት ለጎረቤት ትቶን ክሪስታል ሲቲ የሚባል ሰፈር ፓርኪንግ እየሠራ፣ ቀን የሦስት ዓመት ወንድሜን ናቲን ይጠብቅ ነበር። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አባቴን በቀን እንቅልፍ ጣለውና ናቲ በሩን ከፍቶ ወጥቶ አስፋልት ዳር ተገኘ፤ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ልጁን ወስዶ ለማናውቀው ቤተሰብ በአደራ ሰጠው።

ቅጠል ሲረግፍ ቀጠሯችን ደረሰ፤ ናቲ ይመለስ አይመለስ የሚወሰነው ያን ቀን ነበር። አባቴ ሱፉን ለብሶ፣ ለፍርድ ቤት ክብር ብሎ ስልኩን አጥፍቶ፣ በማለዳ በሜትሮ ባቡር ይዞኝ ሄደ። እንደወረድን ያየነው የካውንቲውን አሮጌ ፍርድ ቤት ነበር፤ ቀይ ጡብ፣ የጥርብ ድንጋይ ቅስት፣ ከላይ ሹል ማማ፣ ስሙም ድንጋዩ ላይ ተቀርጾ። አጠገቡ ያለውን የመስታወት ሕንፃ አባቴ ባንክ ነው አለኝ። እንግሊዝኛ አዋቂዋ እኔም ከፍርድ ቤት የመጣልንን ደብዳቤ አድራሻ ሳላስተያይ «እዚህ ነው» አልኩት።

በሩ ዝግ ነበር፤ አባቴን ግን አልገረመውም። አገር ቤት ባለጉዳይ ስሙ እስኪጠራ ደጅ ይቆማልና «ሲጠሩን እንገባለን» ብሎ፣ በሚያካፋው ዝናብ ደረጃው ላይ ቆሞ ድንጋዩን ያሳየኝ ጀመር። እንዲህ ተለፍቶበት የተሠራ ቤት ፍርድ አያጓድልም ብሎ አምኖ ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ከቆምን በኋላ ቁልፍ የያዘች ሴት መጥታ፣ ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ እንደሆነ፣ ችሎቱ ግን ድሮ ወደ መስታወቱ ሕንፃ እንደተዛወረ ነገረችኝ። ሮጠን ስንደርስ፣ መንግሥት ያቆመልን ጠበቃ ደጋግማ ኮል አድርጋ አጥታን፣ አባት አልቀረበም ተብሎ ጉዳዩ ለሚያዝያ ተቀጥሮ ነበር። አባቴ የጸሐፊዋ መስኮት ላይ ተደግፎ «ንገሪያት ልጄ፣ ከማለዳ ጀምሮ ደጃቸው ቆሜ ነበር በያት» አለኝ። ነገርኳት፤ አዝናለሁ አለችን። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በረዶው ሲገባ ናቲን በሳምንት ለአንድ ሰዓት ብቻ እናየው ነበር፣ በየሳምንቱም አማርኛው እየሳሳ ሄደ። ሚያዝያ ላይ ተፈርዶልን ሲመለስ አባቴን እንደ እንግዳ ጨብጦ ሰላም አለው።

ዛሬ ናቲ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ ደግ ልጅ ነው፣ እሁድ እሁድ እየመጣ አባቴን ይጠይቀዋል። አባቴ በአማርኛ ያወራል፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ እኔ መሐል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። አባቴ «ምን አለ?» ሲለኝ፣ ናቲ ያላለውን ጨምሬ እነግረዋለሁ።